የቦምቦላው ጥያቄ፦ ከጫሞ እስከ ጅቡቲ

አርባ ምንጭ ተቀምጦ «የስኩባ ዕቃ ልግዛ ወይስ ልከራይ?» ማለት ቀልድ ይመስላል። ከላይ ከከተማው ሆኖ ለሚያይ ሁለት ሐይቅ ተንጣሏል፣ መሃላቸው የእግዜር ድልድይ። ውሃ ሞልቷል፤ የሚጠለቅበት ግን የለም። አባያ በደለል ቀልቶ ውስጡ ምንም አያሳይም። ጫሞ ጠራ ይላል፣ ግን የአዞ ገበያ ያለው እሱ ላይ ነው። ጉማሬውስ? እሱን ተዉት።

የዕቃው ጥያቄ ግን ከስኩባ በፊትም ነበረ። የአባያ ደሴት ሰዎች፣ እነ ጊዲቾ፣ ታንኳቸውን የሚሠሩት አምባች ከሚባል በጣም ቀላል እንጨት ነው። እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ወጥቶ መድረቅ አለበት፣ ዕድሜውም አጭር ነው። ቢሆንም ሲያረጅ ምትኩ እዚያው ዳርቻ ይበቅላል፤ የሚያውቅበት እጅም እዚያው አለ። ለእኔ «የራስ ዕቃ» ማለት ይሄ ነው።

ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 የሠሩት መተንፈሻ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ያለ ሌላ ሰው አይንቀሳቀስም። አሥር ዓመት ሳይሞላ ጣሊያኖቹ እነ ብሩኖ ቫይላቲ ዳህላክ ደሴቶች ድረስ መጥተው ጠለቁ፤ ፎልኮ ኩዊሊቺም ፊልሙን «ሴስቶ ኮንቲኔንቴ» ብሎ በ1954 አወጣው። ያኔ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተጣመረች ገና ብዙ አልቆየችም። ከ1993 ወዲህ ያ ባሕር የእኛ አይደለም። አሁን ቅርቡ ጅቡቲ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር የዓሣ ነባሪ ሻርክ የሚታይበት።

እንግዲህ ሒሳቡ እዚህ ላይ ይመጣል። የአሉሚኒየም ቦምቦላ ባዶውን 14 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሞልቶ አውሮፕላን ላይ አይወጣም። 200 ባር የሚደርስና የተጣራ አየር የሚሞላ ኮምፕረሰር ይፈልጋል። የጎማ ቤቱን እንዳታስቡ! እሱ ግፊቱም አይደርስ፣ ከዘይት ጭስ ጋር የሚሰጠው አየርም ሳንባ ይጎዳል። በብዙ አገር ቦምቦላው በየ5 ዓመቱ በግፊት ይፈተሻል፣ ሬጉሌተሩ በየዓመቱ ይፈታል። ጋሞ ውስጥ አንድ ሰው ይህን ሁሉ ለብቻው ሊሸከም? በዶላር ተገዝቶ ቁም ሳጥን ሊያሞቅ ነው። ቦምቦላውን፣ ሬጉሌተሩንና የአየር ጃኬቱን እዚያው ባሕሩ ዳር መከራየት ይሻላል። የሚያከራየው ሰው መቼ እንዳስፈተሸው መጠየቅ ግን ነውር አይደለም።

መነጽሩ ይገዛ። ፊት ላይ ካልገጠመ ውሃ ያስገባል፣ የሌላ ሰው ፊት ደግሞ የእናንተ አይደለም።

ሌላ ብር ከተረፈ የመጥለቂያ ሰዓቱን እመርጣለሁ። ምክንያቱ የአገራችን ከፍታ ነው። ጠላቂ ደሙ ውስጥ የተጠራቀመው ናይትሮጅን ሳይወጣ ከፍ ወዳለ ቦታ ከሄደ ይታመማል፤ ደጋግሞ ለጠለቀ ሰው ከበረራ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ይመከራል። ይህ ለአውሮፕላን ብቻ አይደለም። ከጅቡቲ በመኪና ተነስቶ አዲስ አበባ መግባት 2,300 ሜትር መውጣት ነው። ወደ አርባ ምንጭ ወርዶ፣ በማግሥቱ ዘመድ ጥየቃ ጨንቻ ለሚወጣ ደግሞ ዳገቱ እንደገና ይጀምራል።