ቶርፖር ወይም የብርድ ድንዛዜ

ሃምስተር የሚያሳድጉ ሰዎች ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚያስደነግጠው ይኼ ነው፦ «ጠዋት ስነሳ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ አገኘሁት፤ ገላው ቀዝቅዟል፣ ብነካካውም አይንቀሳቀስም። ሞቶ ነው?» ብዙ ጊዜ መልሱ አዎ ነው። አንዳንዴ ግን እንስሳው በሕይወት አለ፤ የገባበት ሁኔታ በሳይንሱ ቶርፖር ይባላል። በአማርኛ «የብርድ ድንዛዜ» ብንለው ያስኬዳል።

ቶርፖር አንድ እንስሳ ብርድ ሲበረታበት ወይም ምግብ ሲያጥረው ጉልበት ለመቆጠብ የሰውነቱን ሙቀትና ሥራ ዝቅ የሚያደርግበት ሁኔታ ነው። የሶሪያ ሃምስተር ነቅቶ ሳለ ሙቀቱ 37 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ልቡም በደቂቃ ከ300 ጊዜ በላይ ይመታል። ሲደነዝዝ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ልቡ በደቂቃ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይመታል፤ አንዴ ከተነፈሰ በኋላ ደግሞ ለመተንፈስ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። የሳይቤሪያው ድንክ ሃምስተር ድንዛዜው ቀለል ያለ ነው፤ ቀኑ ሲያጥር ጠጉሩ ወደ ነጭ ይለወጣል፣ በቀን ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ደንዝዞ ይነቃል።

«የክረምት እንቅልፍ» የሚለውን ትርጉም ብዙዎች ይጠቀሙበታል። እኔ ሁለቱም ቃላት አይመቹኝም። ክረምት ለእኛ ዝናብና ጭቃ ነው፤ ውርጩ የሚወርደው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ በበጋው ነው። እንቅልፍም አይደለም። የሳይቤሪያው ሃምስተር ከድንዛዜው ሲወጣ ወዲያው ከባድ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ደንዝዞ በቆየበት ጊዜ እንቅልፍ አላገኘማ።

የሶሪያው ሃምስተር የመደንዘዝ ጠባይ ከትውልድ ቦታው የመጣ ነው። ዛሬ በየቤቱ ያሉት የሶሪያ ሃምስተሮች በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1930 የኢየሩሳሌሙ ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሊቅ እስራኤል አሃሮኒ ሶሪያ ውስጥ ሐለብ አጠገብ ከስንዴ ማሳ ሥር አስቆፍሮ ካወጣት እናትና ከልጆቿ የተገኙ ናቸው። የዚያ አካባቢ ብርድ ቀላል አይደለም። እንስሳው ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ በጉንጩ ከረጢት እህል አግዞ ያከማቻል፤ ከድንዛዜው በየጥቂት ቀኑ እየነቃ ካከማቸው ይቀምሳል። «ያቀረብኩለትን ሳይበላ ለምን ይደብቃል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱም ይኸው ነው። ኬጁን ሲያጸዱ የበሰበሰውን ብቻ አውጥተው ደረቁን ይተዉለት።

በኬጅ ያለው ሃምስተር ግን እንዲያ ያለ ጥልቅ ጉድጓድም በቂ ስንቅም የለውም። ሚኒያፖሊስ ወይም ስቶክሆልም ውስጥ ሌሊት ሂተሩ ተዘግቶ መስኮት ሥር ያደረ ሃምስተር በድንገት ቢደነዝዝ በቂ ስብ ስላላጠራቀመ ሊሞት ይችላል። «ተፈጥሮው ነው፣ ይተኛ» ብሎ መተው ስለዚህ አያዋጣም።

የጫማ ሳጥን አዘጋጅቶ ልጆቹን ለቀብር ከመሰብሰብ በፊት ጺሙን ቀርበው ይመልከቱ። ዐይንዎን ሳይነቅሉ ብዙ ደቂቃ ይቆዩ፤ የደነዘዘ ሃምስተር ጺሙ አልፎ አልፎ ንቅንቅ ይላል፣ ጎኑም እምብዛም በማይታይ መጠን ከፍ ዝቅ ይላል። ጠንከር ማለቱን ብቻ አይተው አይፍረዱ፤ በጣም የቀዘቀዘ ገላም ይጠነክራል። ከዚያ ክፍሉን ቀስ አድርገው ያሙቁት፤ እንስሳውን በጨርቅ ጠቅልለው በእጅዎ ወይም በደረትዎ ሙቀት ይያዙት። የፀጉር ማድረቂያና ሙቅ ውሃ አይነካካው፣ ሂተር ላይም አይቀመጥ። ሳይነቃ በአፉ ውሃ አይጨምሩ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ለመንቃት ሰዓታት ሊፈጅበት ይችላል። ሲነቃ ይንቀጠቀጣል፤ አይደንግጡ፣ ሙቀት የሚያመነጨው በመንቀጥቀጡና በትከሻው መካከል ባለው ቡናማ ስብ ነው። ከነቃ በኋላ ውሃና ምግብ ይቅረብለት፣ የእንስሳት ሐኪምም ይየው። ለሰዓታት ሞቆ ምንም ለውጥ ካላሳየ ግን ያኔ የጫማ ሳጥኑ ይምጣ።

አንድ ነገር እንዳይምታታ፦ ክፍሉ 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ምግብም ሳይጎድልበት የዛለ ሃምስተር የመደንዘዙ ዕድል ትንሽ ነው። ታሞ፣ በሙቀት ተመትቶ ወይም አርጅቶ ይሆናል፤ ዕድሜው እንደሆነ ከሁለትና ሦስት ዓመት እምብዛም አያልፍም። እሱን ማሞቅ ሊጎዳው ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ዘንድ መውሰድ ይሻላል።

መከላከሉ ቀላል ነው። ክፍሉ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ይሁን፤ ኬጁ ከመስኮትና ከበር ነፋስ ይራቅ፤ ብርሃን በቀን 12 ሰዓት ያህል ያግኝ። የሚቀበርበት ከወረቀት የተሠራ ንጣፍ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ይሙሉለት። ሰጋቱራ ርካሽ ነው፤ አቧራው ግን ለትንፋሹ አይስማማውም።