ጀሶው ከተፈታ በኋላ

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ልብስ በመስፋት የምትተዳደር አክስት አለችኝ። አምና የእጅ አንጓዋ ተሰብሮ በጀሶ ታሰረ። ጀሶው ሲፈታ አጥንቱ ገጥሟል፤ ጣቶቿ ግን መቀስ መጨበጥ አቃታቸው። ፊዚዮቴራፒ ሂጂ ስትባል «ለመታሸት ለመታሸትማ ወጌሻ አለ አይደል እንዴ?» ብላ ቀረች። ምህንድስና የተማርኩት እኔም ከእሷ አልሻልም ነበር። የተሰበረው ከተጠገነ ማሽኑ ይሠራል ብዬ ነበር የማስበው።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ የአለርት ታሪክ ነው። ከሀይሌ ጋርመንት ቀለበት መንገዱን ይዛችሁ ወደ አየር ጤና ስትሄዱ ዘነበወርቅ ጋ ታገኙታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ስሙ ራሱ የሥጋ ደዌ ተሃድሶንና ሥልጠናን አንድ ላይ የያዘ ነበር። ማከምና ማስተማር ለምን ተጣመሩ?

የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ነርቭ ይጎዳል። በክርን በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሲጎዳ በመዳፍ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ይዝላሉ፤ ጣቶችም ቆልመም ብለው ይቀራሉ። ቀዶ ሐኪሙ ፖል ብራንድ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ሕንድ፣ ቬሎር ውስጥ ለእንዲህ ያሉ እጆች መላ አበጀ፤ ያልተጎዳ ጡንቻ ጅማትን ወስዶ ወደ ጣቶቹ ማዞር።

ለመሐንዲስ ይህ ገመድን ከአንዱ ፑሊ አውጥቶ በሌላው ላይ እንደማዞር ነው። ችግሩ አንጎል ለውጡን አለማወቁ ነው። ጡንቻውን አሁንም በድሮው ሥራው ያዘዋል።

ፊዚዮቴራፒስቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ታካሚው ያንን ጡንቻ ለይቶ ማንቀሳቀስ እንዲችል ያለማምደዋል። ከዚያ ጀሶው ሦስት ሳምንት ገደማ ይቆይና ሲፈታ እንቅስቃሴው ቀስ በቀስ ይጀመራል። ቶሎ ከተጎተተ ስፌቱ ይላላል፤ ከዘገየ ጅማቱ ከጠባሳው ጋር ይጣበቃል። በዚያ ላይ የታካሚው እጅ ሕመም ላይሰማው ስለሚችል በዓይኑ እያየ እንዲጠነቀቅ መማር አለበት። ስለዚህ ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት ሁለት ተማሪዎች አሉት፤ አንዱ አጠገቡ ቆሞ ሙያውን የሚቀስመው፣ ሌላው አልጋው ላይ ያለው።

በአገራችን የመጀመሪያው የፊዚዮቴራፒ ዲግሪ ትምህርት ግን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። አለርት ከተቋቋመ 37 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ በሙያው ዲግሪ የፈለገ ውጭ አገር መማር ነበረበት። እኛ ቤት ፊዚዮቴራፒና ማሸት አንድ መስሎ መታየቱ ከዚህ መዘግየት ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። አስተማሪ የሌለው ሙያ ባለሙያ አይበዛለትም፤ ባለሙያውን አይቶ የማያውቅ ሰውም ምን እንደሚሠራ በምን ያውቃል?

አክስቴ ከአራት ወር በኋላ በልመና ሄደች። ባለሙያዋ እጇን ብዙም አልነካችም። ጣቶቿን እንዴት እንደምታጥፍና እንደምትዘረጋ አሳየቻትና «በቀን ሦስቴ፣ ቤትዎ» አለቻት። አሁን መቀሱን ትይዛለች። ወፍራም ጨርቅ መቁረጥ ግን ገና ነው። ያን አራት ወር ማን ይመልስላት?