ሄድፎን ሲገዙ፦ ለሙዚቃና ለጌም የሚሆን፣ ጆሮን የማይጎዳ ማዳመጫ እንዴት ይመረጣል?

ሄድፎን ለመግዛት ሲያስቡ ብዙውን ጊዜ የሚያመዛዝኑት ዋጋውን፣ የድምፁን ጥራትና መልኩን ነው። ስለ ጆሮዎ ጤና ካሰቡ ግን ሌላ ጥያቄ ይጨምሩ፦ ይህ ማዳመጫ ድምፁን ዝቅ አድርጌ በደንብ እንድሰማ ያስችለኛል?

ውድ ማዳመጫ በዋጋው ብቻ ጆሮን አይጠብቅም፤ ርካሹም ርካሽ በመሆኑ ብቻ ጆሮን አይጎዳም። ጉዳቱን የሚወስኑት የድምፁ ከፍታና የሚያዳምጡበት ጊዜ ርዝመት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣቶች ጥንቃቄ በጎደለው አደማመጥ ምክንያት የመስማት ችሎታቸውን ለማጣት ተጋልጠዋል።

ከፍተኛ ድምፅ ጆሮን የሚጎዳው እንዴት ነው?

ድምፅ የጆሮን ታምቡር አንቀጥቅጦ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይደርሳል። እዚያ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ ክፍል አለ፤ በውስጡም ወደ 15,000 የሚጠጉ ጸጉር መሰል ሕዋሳት ይገኛሉ። ሥራቸው ንዝረቱን ወደ ነርቭ መልእክት መለወጥ ነው። ከፍተኛ ድምፅ ሲበዛባቸው ይደክማሉ፣ ከዚያም ይሞታሉ። የሞቱት ሕዋሳት ተመልሰው አያድጉም፤ የሚተካቸው መድኃኒትም እስካሁን የለም።

ጉዳቱ ሕመም ስለሌለው ቶሎ አይታወቅም። መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው። ስለዚህ ሰውየው ሰዎች ሲናገሩ ይሰማል፤ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ግን ቃላቱን መለየት ያቅተዋል። «ምን አልክ?» ማለት ሲያበዛ ወይም የቴሌቪዥኑን ድምፅ ሲጨምር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያስተውለው ቤተሰብ ነው።

ምን ያህል ድምፅ፣ ለምን ያህል ሰዓት?

የድምፅ ከፍታ የሚለካው በዴሲቤል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያስቀመጠው ወሰን በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፦

- 80 ዴሲቤል፦ በሳምንት 40 ሰዓት
- 83 ዴሲቤል፦ በሳምንት 20 ሰዓት
- 86 ዴሲቤል፦ በሳምንት 10 ሰዓት
- 89 ዴሲቤል፦ በሳምንት 5 ሰዓት
- 92 ዴሲቤል፦ በሳምንት 2 ሰዓት ተኩል
- 95 ዴሲቤል፦ በሳምንት 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ

ለልጆች የተቀመጠው ወሰን ዝቅ ያለ ነው፤ በሳምንት 40 ሰዓት በ75 ዴሲቤል።

ለምሳሌ በቀን 3 ሰዓት ጌም የሚጫወት ልጅዎ በሳምንት 21 ሰዓት ማዳመጫ ያደርጋል። ትልቅ ሰው እንኳ ይህን ያህል ሰዓት ካዳመጠ ድምፁ ከ83 ዴሲቤል በታች መሆን አለበት።

መለኪያ ከሌለዎት የስልክዎን ድምፅ ከመጨረሻው 60 በመቶ በታች ያድርጉ። ማዳመጫውን እንዳደረጉ የአንድ ክንድ ያህል ርቆ የቆመ ሰው በተለመደ ድምፅ ሲያናግርዎት ምንም የማይሰሙ ከሆነም ይቀንሱ። ብዙ ዘመናዊ ስልኮች የማዳመጫውን ድምፅ ከፍታ ይመዘግባሉ ወይም ያስጠነቅቃሉ፤ ማስጠንቀቂያውን አያጥፉት።

የትኛው ዓይነት ይሻላል?

- ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ጀርባው ዝግ የሆነ፦ የውጭውን ጫጫታ ስለሚቀንስ ድምፅ መጨመር አያስፈልግዎትም። ለሙዚቃም ለጌምም አንድ ብቻ የሚገዙ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚሻለው ይህ ነው።
- ጆሮን የሚሸፍን፣ ጀርባው ክፍት የሆነ፦ አየር ስለሚያስገባ አያሞቅም፤ ለረጅም ሰዓት ምቹ ነው። ጫጫታን ግን አይከለክልም። ጸጥ ላለ ክፍል ብቻ ይምረጡት።
- ጆሮ ላይ የሚያርፍ ትንሽ ማዳመጫ፦ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ጫጫታን በደንብ አይከለክልም፣ የጆሮን ቅጠልም ተጭኖ ሊያሳምም ይችላል።
- ጆሮ ውስጥ የሚገባ ኤርፎን፦ የጎማው መጠን ለጆሮዎ ልክ ከሆነ ጫጫታን በደንብ ይከለክላል። ጎማው ልክ ካልሆነ ግን ድምፁ ቀጭን ይሆንብዎታል፤ ያኔ መጨመር ይጀምራሉ።

በታክሲ ወይም በአውቶቡስ ውስጥ ሰው ሳያውቀው ድምፅ የሚጨምረው ሙዚቃው ከሞተሩ ድምፅ በላይ እንዲሰማው ነው። የውጭ ጫጫታን በኤሌክትሮኒክ ዘዴ የሚያጠፉ ማዳመጫዎች በተለይ እንዲህ ያለውን የማያቋርጥ የሞተር ድምፅ ይቀንሳሉ። ይሁን እንጂ መንገድ ሲያቋርጡ ወይም ሲያሽከረክሩ አይጠቀሙባቸው።

ምቾትን እንዴት ይመዝናሉ?

ገዝተው ከመውጣትዎ በፊት ሱቁ ውስጥ ቢያንስ 10 ደቂቃ ያድርጉት። የሚከተሉትን ያስተውሉ፦

- ክብደት፦ ከ300 ግራም በታች ቢሆን ይመረጣል። የከበደ ማዳመጫ ከሁለት ሰዓት በኋላ አናትንና አንገትን ያደክማል።
- ጥብቀት፦ ሲያጎነብሱ መውደቅ የለበትም፤ ሰሪንዎን ጨምቆ ራስ ምታት የሚያመጣም መሆን የለበትም።
- መነጽር፦ መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ አድርገው ይሞክሩ። ጠንካራ ስፖንጅ የመነጽሩን ዘንግ ቆዳዎ ላይ ይጫነዋል።
- ስፖንጅ፦ ጆሮዎ ሙሉ በሙሉ ውስጡ መግባት አለበት። የጨርቅ ሽፋን ያለው ላብ ይቀንሳል፤ ሰው ሠራሽ ቆዳ ደግሞ ጫጫታን የተሻለ ይከለክላል፣ ነገር ግን ያሞቃል፣ ከጊዜ በኋላም ይላጣል።

ሳይወደድ ዕድሜው የሚረዝም

ማዳመጫ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ገመዱ፣ ቀጥሎም ስፖንጁ ነው። ስለዚህ ገመዱ የሚነቀልና የሚቀየር፣ ስፖንጁም ለብቻው የሚሸጥ ሞዴል ይፈልጉ። ቢያንስ ከሁለቱ አንዱ የሚቀየር ይሁን። ለምሳሌ ሶኒ ኤምዲአር-7506 ከ1991 ጀምሮ ሲሸጥ የኖረ ባለገመድ ማዳመጫ ነው። ገመዱ ባይነቀልም ስፖንጁ ስለሚቀየር ለብዙ ዓመታት የሚጠቀሙበት አሉ። ታዋቂ ሞዴሎች አስመስለው የተሠሩ ቅጂዎች ስላሏቸው፣ ዋስትና ከሚሰጥ ሱቅ መግዛት ይሻላል።

በብሉቱዝ የሚሠራ ማዳመጫ ገመድ አያስቸግርም፤ ባትሪው ግን በዓመታት ውስጥ ይደክማል፣ ብዙ ጊዜም አይቀየርም። ለጌም ሲጠቀሙበት ደግሞ ድምፁ ከምስሉ ሊዘገይ ይችላል። በተመሳሳይ ዋጋ ባለገመዱ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ድምፅና ረጅም ዕድሜ ይሰጣል። አዲስ ስልክ ካለዎት ግን ክቡ የ3.5 ሚሊ ሜትር መሰኪያ እንዳለው ያረጋግጡ።

ካርቶኑ ላይ «ኦም» የሚል ቁጥር ያያሉ። ለስልክ 32 ኦም አካባቢ የሆነ ይበቃል። 250 ኦም የሆኑ የስቱዲዮ ማዳመጫዎች ለብቻው የሚገዛ የድምፅ ማጉያ ስለሚፈልጉ ወጪዎን ይጨምራሉ።

ለጌም የተለየ ጥንቃቄ

ጌም ከሙዚቃ የሚለየው ድንገተኛ ድምፆች ስላሉት ነው። ጸጥ ባለበት መሃል የሚመጣ ተኩስ ወይም ፍንዳታ ከሌላው ድምፅ እጅግ ይበልጣል። በ2025 የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለቪዲዮ ጌም የተለየ የድምፅ ደኅንነት መስፈርት ያወጡት ለዚህ ዓይነቱ ስጋት ነው።

በጌሙ ማስተካከያ ውስጥ የፍንዳታና የማጀቢያ ሙዚቃውን ድምፅ ዝቅ፣ የጓደኞችዎን ንግግር ከፍ ያድርጉ። በየአንድ ሰዓቱ ማዳመጫውን አውልቀው ጆሮዎን 10 ደቂቃ ያሳርፉ። «ለጌም» ተብሎ የሚሸጥ ማዳመጫ ግዴታ አይደለም፤ ጥሩ የሙዚቃ ማዳመጫና ርካሽ ማይክም ይበቃሉ።

ለልጅዎ ሲገዙ «85 ዴሲቤል» የሚል ወሰን የተጻፈበት ሊያገኙ ይችላሉ። ይህ ቀኑን ሙሉ ያለ ስጋት ያዳምጣል ማለት አይደለም። ሰዓቱንም ይወስኑ።

ንጽሕና

የኤርፎኑን ጎማ በየሳምንቱ ነቅለው በሳሙናና በውኃ ይጠቡ፤ ሳይደርቅ አይመልሱት። የሄድፎኑን ስፖንጅ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ኤርፎን አይዋዋሱ። ኩክ ለማውጣት ኮተንም ሆነ ሌላ ነገር ጆሮ ውስጥ አይክተቱ፤ ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ጆሮዎ ፈሳሽ ወይም መግል ካለው፣ ወይም ታምቡርዎ ተበስቶ ከሆነ፣ ሐኪም እስኪያይዎት ድረስ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ኤርፎን ይተዉ።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

ካዳመጡ በኋላ ጆሮዎ ጭው ካለ ወይም ከደፈነ፣ ድምፁ በዝቶ እንደነበር ያሳያል። በአንድ ቀን ቢተውዎትም ልምድዎን ይቀይሩ። የሚከተሉት ሲያጋጥሙዎት ግን ይታዩ፦

- ከአንድ ቀን በላይ የሚቆይ ጭው የማለት ስሜት
- የጆሮ ሕመም፣ ፈሳሽ ወይም ደም
- ሰው በበዛበት ቦታ ንግግር መለየት ማቃት
- ማዞር ወይም ሚዛን መሳት
- የልጅ ትምህርት መዳከም ወይም ሲጠሩት አለመስማት

አንድ ጆሮዎ በድንገት መስማት ካቆመ ወይም በግልጽ ከቀነሰ «ኩክ ነው፣ ይለቀኛል» ብለው አይጠብቁ። ድንገተኛ የነርቭ መስማት ማጣት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናው ፈጥኖ ሲጀመር የመዳን ዕድሉ የተሻለ ነው። በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱና ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ እንዲልኩዎት ይጠይቁ።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ ነው፤ የሐኪም ምርመራን አይተካም።