አሮጌው ቁጥር አንድ፦ የአንድ የእሽቅድምድም መኪና ታሪክ



አንድ መኪና የማን እንደነበረና ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ማወቅ ቀላል ይመስላል፤ ሊብሬውን ገልጦ ማየት ነው። መኪናው የእሽቅድምድም የሆነ እንደሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። እንዲህ ያለው መኪና ይጋጫል፣ ሞተሩ ይወርዳል፣ ሻንሲው ይለወጣል። ከዓመታት በኋላ ባለቤቱ «ያ አሸናፊው መኪና ይኸው!» ቢል፣ «የቱ ነው እሱ? ሞተሩ ነው ወይስ ሻንሲው?» የሚል አይታጣም። ዘንድሮ የምናቀርብላችሁ ይህ ጥያቄ ለንደን ፍርድ ቤት ድረስ የወሰደውን የአንድ መኪና ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መኪናው የእንግሊዙ ቤንትሌይ ፋብሪካ የሠራው፣ ስፒድ ሲክስ የሚባለው ባለ 6 ሲሊንደር ነው። በ1929 ፈረንሳይ አገር ለማን ከተማ በሚደረገው የ24 ሰዓት ውድድር ዉልፍ ባርናቶና ቲም በርኪን እየተፈራረቁ ነድተውት አንደኛ ወጡ። በ1930ም ባርናቶ ከግሌን ኪድስተን ጋር ሆኖ በዚሁ መኪና ድሉን ደገመው። ባርናቶ ነጂ ብቻ አልነበረም፤ የኩባንያው ሊቀመንበርም ነበር። መኪናውም «አሮጌው ቁጥር አንድ» የሚል ስም ወጣለት።

በ1931 ኩባንያው ከስሮ ለሮልስ ሮይስ ተሸጠ። መኪናው ግን ከውድድር አልወጣም። በ1932 ሻንሲው የ4 ሊትሩ ቤንትሌይ፣ ሞተሩ ደግሞ የ8 ሊትሩ ሆኖ በብሩክላንድስ የ500 ማይል ውድድር ገባ። ነጂዎቹ ጃክና ክላይቭ ደንፊ የተባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። በክላይቭ ተራ መኪናው ከተዳፋቱ መንገድ አፋፍ አልፎ ወደ ውጭ ተወረወረ፤ ክላይቭም ሕይወቱ አለፈ። እንግዲህ በዚህ መኪና ታሪክ ውስጥ ድልም አለ፣ ለቅሶም አለ።

ከአደጋው በኋላ መኪናው ተጠግኖ ሌላ አካል ተሠራለትና የመንገድ መኪና ሆነ። ቆይቶም ኤድዋርድ ሃባርድ የተባሉ ሰው እጅ ገባ። እሳቸውም በ1990 ሚድልብሪጅ ሲሚታር ለተባለ ኩባንያ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊሸጡት ተዋዋሉ። ገዢው ግን «ይህ እውነተኛው አሮጌው ቁጥር አንድ አይደለም» ብሎ አልረከብም አለ። ነገሩ ዳኛ ኦተን ዘንድ ቀረበ።

ዳኛው የመኪናውን ዕቃ አንድ በአንድ አስመረመሩ። በ1929 ካሸነፈው መኪና፣ ዘመናቸው ከማይታወቅ ጥቃቅን ዕቃዎች በቀር ምንም አልተረፈም። ከ1930ው የተረፉት የፔዳሉ ዘንግ፣ የካምቢዮው ቤትና የመሪው ዘንግ ብቻ ነበሩ። ሻንሲው፣ ባሌስትራውና የ8 ሊትሩ ሞተር ክላይቭ ከሞተበት ከ1932ቱ መኪና የመጡ ናቸው። ታዲያ ይህን የሰማ ሰው ሃባርድ ተረቱ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ፍርዱ ግን ለሃባርድ ሆነ። ሐምሌ 1990 ዳኛው የሰጡት ምክንያት ልብ የሚባል ነው። ሁሉም ዕቃው የመጀመሪያው ነው ማለት አይቻልም፤ መኪናው ግን እውነተኛው ነው አሉ። ለምን ቢባል፣ ዕቃው የተለወጠው ጥቂት በጥቂት ነው፤ መኪናው ጠፍቶ በሌላ የተተካበት ቀን የለም፤ ታሪኩም ሳይቋረጥ ይከተሉታል። «እውነተኛው እኔ ነኝ» ብሎ የሚከራከር ሌላ መኪናም አልነበረም።

ከዚህ የምንረዳው የአሮጌ መኪና ዋጋ በብረቱ ብቻ እንዳልሆነ ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ የፋብሪካው የጥገና መዝገብ፣ የሽያጭ ውል፣ የውድድር ፎቶግራፍ፣ እነዚህ ተያይዘው ሲገኙ ታሪኩ ይቆማል። መሐል ላይ አንዱ ወረቀት የጠፋ እንደሆነ ግን ሞተሩን የያዘ አንድ ሰው፣ ሻንሲውን የያዘ ሌላ ሰው፣ ሁለቱም «የኔ ነው እውነተኛው» ሊሉ ይችላሉ። ያን ጊዜ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ቢፈለግም ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ይህ ነገር ለዕድርተኛ እንግዳ አይደለም። የዕድር ድንኳን ያረጃል፣ ብረት ድስቱ ይለወጣል፣ መሥራቾቹም አንድ በአንድ ያልፋሉ። ዕድሩ ያው ዕድር የሚባለው መዝገቡ ሳይቋረጥ ከጸሐፊ ወደ ጸሐፊ ሲተላለፍ ነው። ስለዚህ ደብተራችንን ጠበቅ አድርገን እንያዝ እንላለን።