ቡሬ፣ ጎተራውና አዲሱ ጥበበ እድ

በሚያዝያ ወር በቡሬ ዙሪያ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች በአንዱ እመቤቲቱ ለሳምንቱ የሚበቃትን በቆሎ ለማውጣት የጎተራውን አፍ ከፍታ እጇን ብትሰድ፣ በታኅሣሥ ተፈልፍሎ ሲገባ ነጭና ጠጣር የነበረው ፍሬ መርፌ እንደ ወጋው ሁሉ ተበሳስቶ፣ በመዳፏም ላይ ከፍሬው ይልቅ ብናኙ በዝቶ ታገኘዋለች። ዘመኑ ጥጋብ ነበረ፤ ጎተራውም ሙሉ ነበረ፤ ይሁን እንጂ ነቀዝ ከባለቤቱ ቀድሞ በላው። ምሁራዊ ጽሑፍን ከጎተራ አፍ መጀመር ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ይመስል ይሆናል። እኔ ግን መንግሥት የፈጠራን ሥራ ለመደገፍና በዕውቀት ላይ የቆመ የሥራ ዕድልን ለማስፋፋት የሚያወጣው መርሐ ግብር ሁሉ በመጨረሻ የሚፈተነው በዚህችው እመቤት መዳፍ ላይ ነው ብዬ ስለማምን፣ ነገሬን ከዚያው እጀምራለሁ።

ቡሬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ ዓባይን ተሻግሮ ነቀምት የሚገባውም መንገድ የሚገነጠልባት፣ ስለዚህም ከጥንት ጀምሮ የጎጃምና የወለጋ ሸቀጥ የተገናኘባት ከተማ ናት። አገሩ በቆሎ፣ ጤፍ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ድንችና ማር የሚያበቅልና የሚያፈራ ነው፤ በርበሬውንማ የማያውቅ የወጥ ቤት ባለሙያ የለም። እንዲህ ያለ ሀብተ ምድር ባለበት ስፍራ ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት ሥራ አጥቶ መንገድ ዳር ቆሞ መዋሉ ሊያስደነግጠን የሚገባ ነገር ነበር፤ ለምደነው ግን አያስደነግጠንም።

የእጅ ጥበብን የመንግሥት ጉዳይ ማድረግ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት መድፍ ማስቀረጻቸውን ሁሉ ሰው ያውቃል። ከዚያ ይልቅ ለአሁኑ ነገራችን የሚቀርበው ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያወጁት አዋጅ ሲሆን፣ ይኸውም አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ነበረ። በአዋጁ ውስጥ ብድር አልነበረበትም፤ ሥልጠናም አልነበረበትም። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ የተረዱት አንድ እውነት ነበረ፤ ይኸውም ሠሪው በተናቀበት አገር ሥራው ሊከበር አለመቻሉ ነው። ዛሬ ስድቡ ቀርቶ ይሆናል፤ ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ በመዝገብና በቅጽ ውስጥ ተሸሽጎ እንደሚኖር ወደ ኋላ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ባለፉት ሠላሳ ዓመታት መንግሥት በዚህ ረገድ ያደረገውን በአጭሩ ብናስታውስ፣ የጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች ስትራቴጂ በ1990 ዓ.ም. ወጥቶ በ2003 ዓ.ም. ተሻሻለ፤ በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ተቋቋመ፤ በ2011 ዓ.ም. የተመሠረተው የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን ኀላፊነት በ2014 ዓ.ም. ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተላለፈ፤ በዚያው በ2014 ዓ.ም. የክልላችን ገበሬ አብቁተ እያለ የሚጠራው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ጸደይ ባንክ ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ለጀማሪ ኩባንያዎች ሕጋዊ ትርጓሜና የማበረታቻ ሥርዓት የሚሰጠው የስታርታፕ አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ። ይህ ሁሉ ሲደመር ጥቂት አይደለም፤ ትጋት የለም የሚል ሰው ቢኖር ሐሰተኛ ነው።

በቡሬ ዐይን ከሁሉ የሚጎላው ግን የተቀናጀው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ከክልሎች ጋራ ተማክሮ በሙከራነት ካስጀመራቸው ከአራቱ ፓርኮች፣ ማለትም ከይርጋለም፣ ከቡልቡላ፣ ከባእከርና ከቡሬ፣ አንዱ ሲሆን፣ በክልሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን እየተመራ፣ የተባበሩት መንግሥታት የኢንዱስትሪ ልማት ድርጅትና የአፍሪካ ልማት ባንክ አግዘውት፣ በ2013 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ጀመረ። አሳቡ በራሱ የሚያስደንቅ ነው፤ ምክንያቱም ፓርኩ ብቻውን የቆመ የፋብሪካ ሰፈር እንዲሆን አልታቀደም። በዙሪያው የገጠር ሽግግር ማዕከላት ተተክለው፣ ገበሬው ምርቱን ወደ ቅርቡ ማዕከል አምጥቶ፣ እዚያ ተመዝኖ፣ ተበጥሮ፣ እርጥበቱ ተለክቶና ተከማችቶ ወደ ፋብሪካው እንዲተላለፍ የተሰናዳ ነው። በዚያው ዓመት በቡሬ የተመረቀው የፌቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ዘይት የማምረት ዐቅም እንዳለው ተነግሮለታል። የዚህን ቁጥር ትርጉም በአንክሮ ልንመረምረው ይገባል። በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የሚያወጣ መሣሪያ በአንድ ወገን፣ በአንድ ጥማድ በሬ የሚያርስ ገበሬ በሌላ ወገን ሲቆሙ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአስፋልት ብቻ አይሞላም። የሚሞላው በመካከል በሚቆሙ ብዙ ትንንሽ ጥበቦች ነው፤ እህሉን የሚያደርቅ፣ እርጥበቱን የሚለካ፣ ከረጢቱን የሚያሽግ፣ የጭነት መኪናውንና የገበያውን ዋጋ በስልክ የሚያገናኝ፣ የተሰበረውን መፈልፈያ በዕለቱ የሚጠግን ባለሙያ ያስፈልጋል። በዕውቀት ላይ የቆመ የሥራ ዕድል ለቡሬ ማለት ይህ ነው፤ ሌላ ትርጓሜ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያሻንም።

እንግዲህ ይህን መካከለኛ ስፍራ ሊይዝ የሚችለው ወጣት ምን ይገጥመዋል? ባለፈው በጋ በከተማው ዳር ወዳለ አንድ የብየዳ ቤት ገብቼ ነበር። ወጣቱ ከቴክኒክ ኮሌጅ የወጣ ሲሆን፣ በላዩ ጥርት ያለ ፕላስቲክ የተወጠረበት፣ በውስጡ የሽቦ ወንፊት መደርደሪያዎች ያሉበት፣ በጎኑም በፀሐይ ኀይል የሚዞር ትንሽ ማራገቢያ የተገጠመለት የበርበሬ ማድረቂያ ሣጥን ሠርቷል። ሁለት ዛላ አንሥቶ አንደኛውን በጆሮዬ አጠገብ ነቀነቀው፤ ፍሬው ከውስጥ ሲንሿሿ ተሰማኝ። ሁለተኛውን ሲነቀንቀው ድምፅ አልነበረውም፤ ሲሰነጥቀውም ውስጡ ሻግቶ ጠቁሯል። “ጋሼ፣ ይኸኛው መሬት ላይ የደረቀ ነው፤ ያኛው ከእኔ ሣጥን የወጣ” አለኝ። ልዩነቱ የመልክ ብቻ አለመሆኑን ለአንባቢ ማስረዳት ይገባኛል፤ በእርጥብ በርበሬና በእርጥብ በቆሎ ላይ የሚያድገው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመነጭ ሲሆን፣ ይህም የሰውን ጉበት የሚጎዳና ምርቱን ከውጭ ገበያ የሚያስመልስ ነው። ወጣቱ ብድር ጠይቆ እንደ ሆነ ብጠይቀው፣ “ጠይቄ ነበር፤ አራት ሰው ጨምረህ ተደራጅና ና አሉኝ። አራት ሰው ማግኘትስ አገኛለሁ፤ ማድረቂያውን ግን አያውቁትም” ሲል መለሰልኝ።

በዚህ መልስ ውስጥ የሥርዓቱ ሕመም በሙሉ አለ። በ2003 ዓ.ም. የተሻሻለው ስትራቴጂ በኢንዱስትሪው ዘርፍ ጥቃቅን የሚለው እስከ 5 ሰው የሚያሠራና ሀብቱ ከ100,000 ብር የማይበልጠውን፣ አነስተኛ የሚለውም ከ6 እስከ 30 ሰው የሚያሠራና ሀብቱ እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር የሆነውን ነበር። መስፈሪያው የሰውና የብር ቍጥር ስለ ሆነ፣ አዲስ መሣሪያ የፈለሰፈውና የተለመደ ሱቅ የከፈተው በአንድ መዝገብ ይሰፍራሉ። ወጣቶችን የሚያደራጀው ቢሮ ሠራተኛ በዓመቱ መጨረሻ የሚጠየቀው ስንት ሰው አደራጀህ ተብሎ ነው፤ ምን አዲስ ነገር ተሠራ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ለበግ ማድለቢያና ለኮብልስቶን ሥራ መደራጀት መልካም ሊሆን ይችላል። ፈጠራ ግን በመጀመሪያ በአንድ ሰው ልቡና ውስጥ የሚፀነስ ስለ ሆነ፣ ገና ሳይወለድ ለአምስት እንዲካፈል ሲታዘዝ ይጨነግፋል። ቀድሞ የተናገርሁት የተሸሸገ ንቀት ይህ ነው።

የአገሩ ሰው ያለ መርሐ ግብር የፈጠረውንም መመልከት ያስፈልጋል። ከቡሬ በስተ ሰሜን በአዊ ምድር፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ባለው መሬቱ ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ከአውስትራልያ የመጣ ግራር ተክሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ መካከል ጤፍ ዘርቶ፣ ቀጥሎ ሣሩን ለከብቱ አጭዶ፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቈርጦ ከሰል አክስሎ ለአዲስ አበባ ገበያ ይሸጣል፤ መሬቱም በዛፉ ሥር ናይትሮጅን አግኝቶ ያገግማል። የቈራጩ፣ የአክሳዩ፣ የጫኙና የችግኝ አፍዪው ሥራ ከዚህ ተገኘ። ምሁራን የመጡት ነገሩ ከተስፋፋ በኋላ ሊያጠኑት ነው። በቅርብ ዓመታት ግን የዝገት በሽታ በዛፉ ላይ ወድቆ ተክሉን ሲያደርቀው፣ ገበሬው ብቻውን ሊመክተው አልቻለም፤ የዩኒቨርሲቲና የመንግሥት እጅ እጅግ ያስፈለገው በዚህን ጊዜ ነበረ። የፈጠራ ድጋፍ በልደት ቀን ከሚሰጥ ስጦታ ይልቅ በሕመም ቀን የሚደርስ ወገን መሆን እንዳለበት ከዚህ እንማራለን።

ጎጃም ፈጠራን ለመደገፍ የራሷ ሥርዓት ያላት አገር ናት። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች ለዘመናት ያደረጉት ምን ነበር? ደበሎ ለባሹ ተማሪ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ስለሆነበት በየቀኑ አዲስ ይፈጥራል፤ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ በዘአምላኪየና በሚ በዝኁ አልፎ፣ እስከ መወድስ ድረስ በየደረጃው ከፍ ይላል፤ መምህሩም ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ስለ ሆነ ያልተቃናውን ያቃናል፣ የማይረባውንም ይጥላል። ቀለቡን የሚሰጠው ግን የሰፈሩ ሰው ነው። በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ በደጅ ለቆመው ተማሪ ቁራሽ የሰጠች እናት ብድሯን መልስልኝ አላለችውም፤ አራት ጓደኛ ይዘህ ና አላለችውም። ስለዚህ ታጋሽ ቀለብ፣ ጥብቅ ፈታኝና የደረጃ መሰላል በአንድነት የነበሩበት ሥርዓት ነበረን።

በውጭው ዓለም የተሳካላቸው መንግሥታት ያደረጉትም ከዚህ የራቀ አይደለም። አሜሪካኖች በ1982 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጡት ሕግ፣ ትልልቅ የምርምር በጀት ያላቸው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከበጀታቸው ከፊሉን ለትናንሽ ኩባንያዎች ፈጠራ እንዲለዩ አስገደዱ፤ ገንዘቡ በመጀመሪያ አሳቡ የሚቻል መሆኑን ለማረጋገጥ በጥቂቱ፣ ቀጥሎ ዕቃውን ለመሥራት በብዛት ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሠሪው በገበያ ይቆማል። በዚያው ዘመን የፔንሲልቬንያ ክፍለ ሀገር የብረት ፋብሪካዎቿ እየተዘጉ ሕዝቧ ሥራ ሲፈታ፣ በቤን ፍራንክሊን ስም በየዩኒቨርሲቲዎቿ ዙሪያ አራት ማእከላት አቁማ፣ የመምህሩን ዕውቀት ከባለ ፋብሪካው ችግር ጋራ አጣመረች። ክፍለ ሀገሪቱ የራሷን ችግር በስሙ ጠርታ ስለ ተነሣች ነው የምጠቅሳት።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ በጦርነት ውስጥ ነው፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፣ መንገድም በየጊዜው ይዘጋል። በግእዝ የሰላም መንገድ የሚል ስም የያዘችው ፍኖተ ሰላም ሳትቀር የሐዘን ከተማ ሆና ሰንብታለች። ስልኩ የማይሠራበት ወጣት በስልክ ገበያ ሊያገናኝ አይችልም፤ የስታርታፕ አዋጅም ሰላምን ሊተካ አይችልም። ቢሆንም የበርበሬ ማድረቂያውና የበቆሎ ማከማቻው ሰላም እስኪሞላ ድረስ ሊቆዩ የሚገባቸው ነገሮች አይደሉም፤ በችግር ዘመን የዳነ እህል ከሁሉ ይበልጥ ዋጋ አለውና።

ስለዚህ አሳቤ አጭር ነው። ከብድር በፊት ግዢ ይቅደም። የገጠር ሽግግር ማዕከላት የወጣቶቹ ሥራ የመጀመሪያ ደንበኛ ይሁኑ፤ በየምርት ዘመኑ አንድ ችግር በስሙ ይታወጅ፤ መሣሪያውን በቡሬ ያለው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይፈትን፤ ፈተናውን ላለፈው ሰው፣ ብቻውንም ቢሆን፣ ማዕከሉ የግዢ ውል ይስጠው፤ ባንኩም ያንን ውል እንደ ዋስትና ተቀብሎ ያበድረው። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ ተቋማቱ ሁሉ በእጃችን አሉ። የክልሉ ባለ ሥልጣናት፣ የኮርፖሬሽኑና የዩኒቨርሲቲው መሪዎች ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ብትሆኑ፣ የሚመጣው የበርበሬ ምርት ከመሰብሰቡ በፊት ከቡሬ ብየዳ ቤቶች አሥር ማድረቂያ ገዝታችሁ በማዕከላቱ እንድታስፈትኑ በትሕትና እለምናችኋለሁ።