ከመኳንንት ኪስ ወደ እጃችን፦ የጃፓን የእጅ ሰዓት ታሪክና የእኛ ምርጫ



በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ ደጋግሞ ከሚነሳው ጥያቄ አንዱ «ለዕለት ሥራ የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ ሰዓት የትኛው ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተራ ይመስላል። ነገር ግን ከመካከላችን ብዙዎቻችን በፋብሪካ፣ በሆቴል፣ በሱቅና በጽዳት ሥራ የምንውል፣ ደመወዛችንም በሰዓት የሚለካ ነን። ሰዓቱን የሚይዘው አሠሪው ብቻ ከሆነ ሒሳቡን የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም የጃፓን ሰዓት ከየት ተነስቶ ወደ እኛ እጅ እንደደረሰ እናወሳለን፤ ከታሪኩም ለምርጫችን የሚጠቅመንን እንወስዳለን።

በአገራችን ጊዜ የሚታወቀው በፀሐይ፣ በዶሮ ጩኸትና በቤተ ክርስቲያን ደወል ነበር። የቤተ ክህነት ሰዎች የሰውን ጥላ በእግር እየለኩ የጾም መፍቻውን ሰዓት ያውቁ ነበር። በሞላ የሚሠራው ሰዓት ከውጭ ሲገባ ለብዙ ዘመን የመኳንንትና የሀብታም ነጋዴ ንብረት ሆኖ ቆየ። ቀናችን ግን ዛሬም የሚጀምረው እንደ ጥንቱ ከንጋት ነው። ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሆን «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» እንላለን።

ጃፓኖችም በጥንት ዘመን ጊዜን ከንጋትና ከምሽት ተነስተው ይቆጥሩ ነበር። ከንጋት እስከ ምሽት ያለውን ጊዜ ለ6፣ ሌሊቱንም ለ6 ይከፍሉት ስለነበር የአንዱ ክፍል ርዝመት በበጋና በክረምት ይለያይ ነበር። ይህን አቆጣጠር ትተው ዓለም የሚጠቀምበትን የ24 ሰዓት አቆጣጠር የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። አዲስ አቆጣጠር ሲመጣ አዲስ ሰዓት ያስፈልጋል፤ ሰዓቱም በአብዛኛው ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጣ ነበር።

ኪንታሮ ሃቶሪ የተባለ ወጣት በ21 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1881፣ በቶኪዮ ሰዓት የሚሸጥበትና የሚጠግንበት ሱቅ ከፈተ። በ1892 ሴይኮሻ የተባለ ፋብሪካ አቋቁሞ የግድግዳ ሰዓት መሥራት ጀመረ። በ1913 ደግሞ በጃፓን የተሠራ የመጀመሪያው የእጅ ሰዓት፣ «ሎሬል» የተባለው፣ ወጣ። ሥራው በጣም አድካሚ ስለነበር መጀመሪያ ላይ በቀን ከ30 እስከ 50 ሰዓት ብቻ ነበር የሚሠራው።

በ1923 በቶኪዮ አካባቢ በደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ፋብሪካው በእሳት ወደመ። ለጥገና የተሰጡ 1,500 ያህል የደንበኞች ሰዓቶችም አብረው ጠፉ። ሃቶሪ «እሳት በላው» ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር፤ የሚወቅሰውም አይኖርም። እሱ ግን በጋዜጣ አስታውቆ ለደንበኞቹ ያለ ክፍያ ምትክ ሰዓት ሰጠ። በተከታዩ ዓመት «ሴይኮ» የሚል ስም ያለበት የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። በጦርነት ንብረትም ሥራም ላጣን ለእኛ ይህ ታሪክ ቅርብ ነው። የንግድ ቤት ዕቃው ቢቃጠልም የሰው እምነት ካልተቃጠለ እንደገና ሊነሳ ይችላል።

ኢትዮጵያና ጃፓን የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረሙት በ1923 ዓ.ም. ነው። በተከታዩ ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎበኙ፤ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ አስነበቡ። በዚያ ዘመን የጃፓን ርካሽ የጥጥ ጨርቅ በገበያችን ሰፊ ቦታ ይዞ ነበር። ስለዚህ የጃፓን ዕቃ በአገራችን በመጀመሪያ የታወቀው በዋጋው ርካሽነት ነው ማለት ይቻላል።

በትክክለኛነት የታወቀው ግን ዘግይቶ ነው። እዚህ ላይ የእኛም ሰው አለበት። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ሻምበል አበበ ቢቂላ የቶኪዮን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ የዚያ ኦሊምፒክ ይፋዊ ሰዓት ያዥ ሴይኮ ነበር። አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም። ሁለተኛ የወጣውን ከ4 ደቂቃ በላይ ቀደመው። የኢትዮጵያ እግርና የጃፓን ሰዓት በአንድ ቀን በዓለም ፊት ተመሰከረላቸው።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1969፣ ሴይኮ «አስትሮን» የተባለውን የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አወጣ። ኳርትዝ በኤሌክትሪክ ሲነካ ሳያቋርጥ የሚንቀጠቀጥ ድንጋይ ነው። ዛሬ በብዛት የምናገኛቸው ሰዓቶች ውስጥ ያለው በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ሰዓቱም ይህን ቆጥሮ አንድ ሰከንድ ይላል። ተራ የሞላ ሰዓት በቀን ከ20 እስከ 40 ሰከንድ ሊሳሳት ይችላል። ተራ የኳርትዝ ሰዓት ያን ያህል የሚሳሳተው በወር ነው። የአስትሮን ዋጋ 450,000 የን ነበር፤ ያ በጊዜው የትንሽ መኪና ዋጋ ነው።

ከዚያ ዋጋው በፍጥነት ወረደ። ካሲዮ የመጀመሪያውን የቁጥር ሰዓቱን በ1974 አወጣ። በ1976 ሲቲዝን በብርሃን የሚሞላ ሰዓት ሠራ። በ1983 መውደቅና መጋጨት የሚችለው ጂ-ሾክ፣ በ1989 ደግሞ በዓለም ሁሉ የተሰራጨው ቀላሉ ኤፍ-91 ደብልዩ መጡ። የመኪና ዋጋ ያወጣ የነበረው ትክክለኛነት በሃያ ዓመት ውስጥ ተማሪ ሊገዛው የሚችል ሆነ። የዚህ ለውጥ ዕዳ የወደቀው በስዊዘርላንድ ሠራተኞች ላይ ነው። በ1970 በሰዓት ሥራ ላይ የነበሩት 90,000 ያህል ሰዎች በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 ያህል ቀንሰዋል።

«ስልክ እያለ ሰዓት ምን ያደርጋል?» የምትሉ አትጠፉም። መልሱን መቀሌ ታውቀዋለች። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው የጦርነት ዘመን መብራትና ስልክ በተቋረጡባቸው ረጅም ወራት ቻርጅ ያለቀበት ስልክ ሰዓት አይነግርም ነበር። መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት ያለባት እናት፣ የሌሊት ተረኛ ነርስ፣ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ቤቷ መግባት ያለባት ሴት፣ ሁሉም የእጅ ሰዓት ያለውን ሰው ይጠይቁ ነበር። አንዲት ትንሽ ባትሪ ለዓመታት የምትበቃው ሰዓት የዚያን ጊዜ ዋጋዋ ታየ።

እንግዲህ ሰዓት ስንገዛ የሚከተሉትን እናስተውል።

አንደኛ፣ ከብልጭታው ይልቅ ሞተሩን እንይ። ለዕለት ሥራ የኳርትዝ ሰዓት ይበቃል። ባትሪ የማይፈልገው አውቶማቲክ ሰዓት ያምራል፤ ነገር ግን ሳይታሰር ሁለት ቀን ቢቀመጥ ይቆማል፤ ጥገናውም ውድ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ አቆጣጠራችን እናስብ። በፈረንጅ ሰዓት የተሞላ ባለ ቆጣሪ ሰዓት ላይ የሰዓት ቆጣሪው ከሚያመለክተው ትይዩ ያለውን ቁጥር ስናነብ የእኛን ሰዓት እናገኛለን። የቁጥር ሰዓት ግን ትይዩ የለውም፤ በአንዱ አቆጣጠር ሞልቶ በዚያው መጽናት ነው። ቀን የሚያሳይ ሰዓት ደግሞ የተሠራው 31 ቀን ላለው ወር ነው። የእኛ ወር 30፣ ጳጉሜ 5 ወይም 6 ስለሆነ በየወሩ ማስተካከል ይጠይቃል። ይህ የሚያሰለቸን ከሆነ ቀን የሌለውን እንምረጥ።

ሦስተኛ፣ «30 ሜትር» የሚል ጽሑፍ አያታልለን። ሰዓቱ የእጅ መታጠቢያ ፍንጣቂ ይችላል ማለት እንጂ ልብስ ሲታጠብ ውኃ ውስጥ ይነከር ማለት አይደለም። ልብስና ዕቃ የምናጥብ 100 ሜትር የሚለውን ብንፈልግ ይሻላል።

አራተኛ፣ አስመሳይ ዕቃ ብዙ ነው። በኤፍ-91 ደብልዩ ላይ በቀኝ በኩል ያለውን ቁልፍ ለ3 ሰከንድ ያህል ተጭነን ስንይዝ የኩባንያው ስም በመስታወቱ ላይ ይወጣል። ይህ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ የጀርባው ጽሑፍ ጥራትና ዋስትና የሚሰጥ ሻጭም ያስፈልጋል። ከመግዛታችን በፊት ለዚያ ሰዓት የሚሆን ባትሪና ማሰሪያ በከተማችን ሰዓት ሠሪዎች ዘንድ መኖሩን እንጠይቅ።

በመጨረሻ ሒሳቡን እናስላ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የቀን ትርፍ ሰዓት ከመደበኛው ክፍያ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ደግሞ በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። የሰዓት ክፍያዋ 20 ብር የሆነ አንዲት እህት በየቀኑ 15 ደቂቃ አሳልፋ ትሠራለች እንበል። በ26 የሥራ ቀናት 6 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በ30 ብር ሲባዛ በወር 195 ብር፣ በዓመት 2,340 ብር ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ በዓይን ግምት አይታወቅም፤ በሰዓት ግን ይታወቃል። የገባንበትንና የወጣንበትን ሰዓት በየዕለቱ በትንሽ ደብተር ብንጽፍ፣ ደመወዝ ሲከፈል የምንናገረው በግምት ሳይሆን በቁጥር ይሆናል።

እህቶቻችን፣ ሰዓት ለጌጥ የሚገዛ አለ፤ አንነቅፍም። እኛ ግን በቅድሚያ የምንገዛው ለምስክርነት ነው። ሰዓት የገዛችሁ ደብተሩንም አብራችሁ ግዙ። አሞላሉ ያስቸገራችሁ ካላችሁ ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁት ኑ፤ አብረን እንሞላዋለን።