ዕውቀትና ሙያ፦ ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን

በ1871 ዓ.ም. ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ሁለት የአገሩን የእጅ ባለሙያዎች አስከትሎ አንኮበር ደረሰ። ይህ የዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምሩቅ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ የተቀበለው የመጀመሪያ ትእዛዝ ጫማ መሥራት ነበር ይባላል፤ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ ታዘዘ። የከፍተኛ ትምህርት ዕውቀትና የእጅ ሥራ በሰሜን ሸዋ ምድር እንዲህ ተገናኙ።

ይሁን እንጂ ግንኙነቱ በንጉሡ ፈቃድ የቆመ እንጂ በትምህርት ቤት የጸና አልነበረም። በዘመኑ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ቆዳ ፋቂው በሙያቸው ይሰደቡ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የንቀቱን ጥልቀት ያስረዳል።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች አሰማርቷል። ነገር ግን አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነበርና ወደ መማሪያ ክፍል ገቡ እንጂ ከሸማኔው ጉድጓድ አልደረሱም።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሲከፈት አካባቢው ከሙያ ባዶ አልነበረም። በመንዝ ሴቶቹ የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ ዝተትና ባና ይሠራሉ። ከተማይቱም የብርድ ልብስ ፋብሪካ ነበራት፤ በኋላም የቢራ ፋብሪካዎችና የኢንዱስትሪ ፓርክ ተጨመሩላት። እንግዲህ መምህሩና ተማሪው ለተግባር ጥናት ወደ እነዚህ ሥራ ቤቶች ሲሄዱ የቆየው ንቀት አብሯቸው መግባት የለበትም። የፈታዩዋም ሆነ የሠራተኛው ልምድ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነውና፣ ምሁሩ ከማስተማሩ በፊት ጠይቆ መማር ይገባዋል።